በአፋችን የቀረ ታሪክ

(በደሴ ከተማ በንባብ ወዳጆች የምሽት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ሲገለበጥ ጥቂት ድግግሞሾች ብቻ ተቀንሰዋል።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የትምህርት ቤት ልብሳችሁን ሳትቀይሩ የመጣችሁ ልጆቼም ጭምር፣ እንደምን አመሻችሁ? ሰላም ለሁላችን ይሁን፤ አሰላሙ አለይኩም። ከጦሳ የሚወርደው ብርድና ከቀትር ጀምሮ ያላባራው ካፊያ ሳይበግራችሁ ይህን ያህል ሰው ተሰብስባችሁ በማየቴ ደስ ብሎኛል። ከኮምቦልቻ የመጣችሁ እንዳላችሁም ነግረውኛል። ሐረጎን በዚህ ጭጋግ መውጣት ቀልድ አይደለምና እናንተን ለብቻ አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ታሪክ ትንሽ እንዳጫውታችሁ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የተለመደው ነበር። ወሎ ላይ ቆሞ ስለ ታሪክ የሚናገር ሰው የቦሩ ሜዳን ጉባኤ፣ የውጫሌን ውልና አንቀጽ 17ን፣ የንጉሥ ሚካኤልን ዘመን ቢያነሣ ማንም አይፈርድበትም። እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠመኔ ይዤ ስናገር የኖርኩት ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን ነገሥታቱን ልተዋቸው። ነገሥታቱ ዜና መዋዕል የሚጽፍላቸው ሰው ነበራቸው። ሁለት በቅሎ ጭኖ ወደ ባቲ የወረደውን ነጋዴ ማን ጻፈለት? ዕዳ የያዘውን ገበሬ ማን ጻፈለት? ገበያ ተቀምጣ ጨው በስንዝር የለካችውን ሴት ማን ጻፈላት? ማንም። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ የቀረው በእኛው አፍ ውስጥ ነው። በየቀኑ እንናገረዋለን፤ ግን አንሰማውም።

ከዚሁ ከከተማችን ልጀምር። «አይጠየፍ ደርሼ መጣሁ» የማይል የደሴ ሰው አለ? ቃሉን ቆም ብሎ ያዳመጠውስ? ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ባለጸጋና ድኻ ሳይለይ ሁሉን የሚቀበል፣ ማንንም የማይጠየፍ ነው ለማለት የወጣለት ስም እንደሆነ አባቶቻችን ነግረውናል። እኛ ግን ዛሬ ስሙን የምንጠራው አቅጣጫ ለመጠቆም ብቻ ነው።

ዛሬ ማታ በአራት ነገሮች ዙሪያ አጫውታችኋለሁ፤ ስለ ዳኝነት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ምግብ እና ስለ በሽታ። በመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ብቆይ ከወዲሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የምወደው እርሱን ነውና።

እንግዲህ ስለ ዳኝነት። ሁለት ጎረምሶች ሲደባደቡ ያየ ሰው ምን ብሎ ይጮኻል? «በሕግ አምላክ!» ይላል። ዛሬ ይህን ቃል ሰምቶ እጁን የሚሰበስብ ጎረምሳ አላውቅም። (ሳቅ) በአያቶቻችን ዘመን ግን በሕግ አምላክ፣ በንጉሥ አምላክ፣ ወይም የንጉሡን ስም ጠርቶ በምኒልክ አምላክ የተባለ ሰው ካለበት አይንቀሳቀስም ነበር። ቢንቀሳቀስ የደፈረው ከሳሹን ብቻ አይደለም፤ የተጠራበትንም ጭምር ነው። ከዚያ ሁለቱ ባላጋራዎች የነጠላቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው ዳኛ ፍለጋ ይሄዳሉ። ዳኛው ማን ነው? የመጀመሪያው ዳኛ መንገደኛው ነው። በዚያ ያለፈ ዐዋቂ ሰው ተለምኖ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ግራ ቀኙን ይሰማል፣ ይፈርዳል። ያልተስማማው ወደ አጥቢያ ዳኛ፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እስከ ንጉሡ ችሎት ድረስ ይግባኝ ይላል። የውጭ አገር ተጓዦች ፖሊስ በሌለበት አገር ሰው በሁለት ቃል መቆሙን ሲያዩ ተደንቀው ጽፈውታል። እኔም እደነቃለሁ፤ ልዩነቱ እነርሱ አይተው መደነቃቸው፣ እኔ አንብቤ መደነቄ ነው።

ችሎት ሲደረስ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ባልና ሚስት ሲነታረኩ «እሰጥ አገባ ገጠሙ» እንላለን አይደል? ቃሉ የችሎት ቃል ነበር። ተሟጋቹ ነገሩን ለማጥበቅ ይወራረዳል፤ በማር ይወራረዳል፣ በበቅሎ ይወራረዳል፣ በፈረስ ይወራረዳል። «ይህን ባላስመሰክር በቅሎ እሰጣለሁ» ይላል፤ ባላጋራውም መልሶ ይገጥመዋል። የተረታው የተወራረደበትን ይከፍላል፣ የሚከፍለውም ለዳኛው ወገን ነው። ታዲያ ሙግት በረዘመ ቁጥር ማን ይወፍር እንደነበር ለእናንተ ልተወው። (ሳቅ)

ወንጀለኛው ካልታወቀስ? አውጫጭኝ ይጠራል፤ አፈርሳታም ይባላል። የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ሥራ ፈትቶ ይውላል፣ ያድራል። የሚያውቅ ሰው ቂም ፈርቶ በአደባባይ ባይናገር በምስጢር ይጠቁማል፤ ጠቋሚውም በስሙ አይጠራም፣ «ወፍ» ነው የሚባለው። «ወሬውን ማን ነገረህ?» ስንባል «አንዲት ወፍ ነገረችኝ» የምንል ሁሉ፣ ያች ወፍ በአንድ ወቅት አውጫጭኝ ላይ ተቀምጣ እንደነበር አንርሳ።

አሁን ወደ ዋናው ቃል ልምጣ። ቁራኛ። «ልጁን በዓይን ቁራኛ ጠብቂው» እንላለን። የዓይን ቁራኛ ካለ የዓይን ያልሆነ ቁራኛ መኖር አለበት ማለት ነው። ነበረም፤ የብረት ነበር። ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከአበዳሪው ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰራል፤ አንዱ ጫፍ በተበዳሪው እጅ አንጓ ላይ፣ ሌላው ጫፍ በአበዳሪው እጅ አንጓ ላይ። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይሄዳሉ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና አብረው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። በነፍስ የተከሰሰ ሰውም ፍርድ እስኪሰጥ ከሟች ዘመድ ጋር እንዲሁ ይቆራኝ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ፈረንጆች ያነሡትን ፎቶግራፍ ያየ ሰው የሚያስቸግረው ከሁለቱ የትኛው ባለዕዳ፣ የትኛው ባለገንዘብ እንደሆነ መለየት ነው። ሁለቱም እኩል የተጎሳቆሉ ናቸው።

ይህን ነገር ያነበብኩት በኋላ ነው፤ አስቀድሜ የሰማሁት ከአያቴ ነው። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ልጅ ሳለች አባቷ ቁራኛ ታስሮ አይታለች። ሰውየው በባቲና በደሴ መካከል የሚመላለስ ነጋዴ ነበር። በቅሎ ሊገዛበት 12 ብር ተበደረ፤ በቅሎዋ ዓመት ሳትሞላ ሞተችበት። በቀጠሮው ቀን አልከፈለም፤ ተፈረደበትና ከአበዳሪው ጋር ተቆራኘ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ክረምት ሙሉ በአንድ ሰንሰለት የዘመድ አዝማድ ደጅ ሲጠኑ ከረሙ። መጀመሪያ ላይ የሚለምነው ባለዕዳው ነበር፤ አያቴ እንደምትለው ከሁለት ወር በኋላ ግን «ኧረ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ክፈሉለት!» እያለ የሚለምነው አበዳሪው ሆነ። እርሻው ዳዋ ውጦበታል፣ ሚስቱ ስንቅ ማመላለስ ሰልችቷታል፣ ሌሊት ሌሊት ባለዕዳው በሳለ ቁጥር እርሱም ይነቃል።

ይህ ሥርዓት ጨካኝ ነበር፤ አላመሰግነውም። ነገር ግን ከጭካኔው ውስጥ አንድ ብልኃት አያለሁ። ያሳሰረ ሰው ራሱ ታስሮ ነበር። የሰው እስራት ምን ያህል እንደሚከብድ ከገዛ እጁ አንጓ ላይ ያውቀዋል፤ ቶሎ መታረቅን የሚሻውም ለዚህ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ዛሬ ሰው የሚያሳስር ሰው ሁሉ የሰንሰለቱን ሌላ ጫፍ ያዝ ቢባል ስንት ሰው ይታሰር ነበር? (ጭብጨባ) ፊት ወንበር ላይ ኩታ የለበሱት አባት ራሳቸውን ሲነቀንቁ አያለሁ። ጋሼ፣ ቆይተው ይነግሩናል።

በዚሁ ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ወደ ገንዘብ ልሻገር፤ መሸጋገሪያውም ያው የአያቴ አባት ነው። በመስከረም ዘመድ አዋጥቶ 12 ብር ሞላ። ያ ብር የዛሬው ብር አይደለም፤ ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ የምንለው ነው። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ብሩ በሰፌድ ቀረበ። አበዳሪው አንዱን ብር አንሥቶ በግራ እጁ መዳፍ ላይ አስቀመጠና በቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር በሥዕሏ ሴት ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ይዳስስ ጀመር። ግራ እጁ የታሰረው እጁ ነው። ስለዚህ ወደ ብርሃን ከፍ ባደረገው ቁጥር የአያቴ አባት ቀኝ እጅ አብሮ ከፍ ይል ነበር። አሥራ ሁለት ጊዜ ከፍ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ዝቅ። አያቴ ይህን ስትነግረኝ እጇን እያነሣች ነው። አበዳሪው አሥሩን ተቀብሎ ሁለቱን «እነዚህ አይሄዱም» ብሎ መለሰ።

ለምን መለሳቸው? የማርያ ቴሬዛ ብር ላይ የምታዩት ሴት የኦስትሪያ ንግሥት ናት። ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ዙሪያውን ዘጠኝ ዕንቁ አለው። የእኛ ገበያተኛ ላቲን አያነብም፤ ነገር ግን ዕንቁ ይቆጥራል። ዕንቁው ተሟልቶ ካልታየ ብሩ ተበልቷል ወይም ሐሰተኛ ነው ብሎ አይቀበልም። እያንዳንዱ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ወርቅ አንጥረኞቻችን ወቄት የሚሉት ሚዛን ከዚሁ ከአንዱ ብር ክብደት ጋር የተካከለ ነበር።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። ንግሥቲቱ የሞተችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ነው፤ እኛ ዘመነ መሳፍንት ውስጥ ሳለን ማለት ነው። ብሩ ግን እርሷ ከሞተች በኋላም፣ በ1800ዎቹም በ1900ዎቹም፣ ሁልጊዜ «1780» ተብሎ ተጽፎበት ይቀረጽ ነበር። ለምን? ዓመተ ምሕረቱ ቢቀየር እኛ አንቀበልማ! ቀይ ባሕርን ይዞ የሚነግደው ሕዝብ ሁሉ የለመደው ያንን መልክ ነው፤ አንዲት መሥመር ብትለወጥ ገበያው ይጠረጥራል። የሞተች ንግሥት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ገበያችን ላይ ነገሠች። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን መልክና አንበሳ የያዘ ብር ፓሪስ ላይ አስቀርጸው አመጡ፤ አገሩ ግን ከአንበሳው ይልቅ ሴትዮዋን አመነ። ጣሊያኖች ደግሞ እንደ እነርሱ አቆጣጠር በ1918 እርሷን የምትመስል ሌላ ሴት ቀርጸው ለኤርትራ ገበያ አቀረቡ፤ መምሰልና መሆን ለየቅል ነውና ያችም ሳትለመድ ቀረች። በመጨረሻ ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲነሣ የመቅረጫውን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ራሷን ማርያ ቴሬዛን አስቀረጸ። እንግሊዞችም አልቀሩ፣ ለንደንና ቦምቤይ ላይ ቀረጿት። ጠላትም ወዳጅም እኛ ዘንድ ሲመጣ የአንዲቱን ሴት ፊት ይዞ መጣ። ከገበያችን በሕግ የተሰናበተችው በ1937 ዓ.ም. የራሳችን ገንዘብ በወጣ ጊዜ ነው።

በብሩ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን የተጻፈ የላቲን ጽሑፍ አለ፤ ትርጉሙ «በፍትሕና በምሕረት» ማለት ነው። ያ አበዳሪ ሁለቱን ብር ሲመልስ ይህን ማንበብ ቢችል ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር አላውቅም። ለማንኛውም ሽማግሌዎቹ ተማለዱ፤ «ሁለቱን ለልጆቹ» ብለው አስማሩለትና ሰንሰለቱ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ? በተከታዩ ዓመት የአያቴ ታናሽ ወንድም ክርስትና ሲነሣ አበልጅ የሆነው ያው አበዳሪ ነው። «ክረምቱን ሙሉ ስሙን ሳልጠራ ያልተኛሁትን ሰው እንዴት እተወዋለሁ?» አለ አሉ።

ከሁለቱ ብር አንዷ ዛሬ እዚህ አለች። (ከኪሱ አውጥቶ) ልጆች፣ ከወዲያ ጥግ ጀምራችሁ እያሳለፋችሁ ተመልከቷት፤ በጥፍራችሁ ትከሻዋን ዳስሱና ዕንቁውን ቁጠሩ። አደራ፣ ትመለስልኝ።

ከብር በታች ያለው ዝርዝር ገንዘብ አሞሌ ጨው ነበር። ከአፋር ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣል። በልብነ ድንግል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በዚሁ በእኛ አገር በሐይቅ በኩል ያለፈው፣ አሞሌን አንድ ስንዝር ተኩል የሚረዝም፣ አራት ጣት የሚሰፋ ድንጋይ አድርጎ ይገልጸዋል። ጨው በሚቆረጥበት አካባቢ ከመቶ በላይ አሞሌ የሚያወጣውን ዋጋ ቤተ መንግሥቱ ጋ ሲደርስ ስድስት ሰባቱ ብቻ ያወጣ እንደነበርም ጽፏል። ገንዘቡ እየተጓዘ ይከብራል ማለት ነው፤ የዛሬው ተቃራኒ። ነጋዴው በልጥ ጠፍሮ፣ ዝናብ ሲመጣ ከራሱ በፊት እርሱን አልብሶ ይሄዳል። ዝናብ የሚያሟሟው ገንዘብ! «አንቺ ጨው፣ ለራስሽ ስትይ ጣፍጪ፤ አለዚያ ድንጋይ ነሽ ብለው ይጥሉሻል» የሚለውን ተረት ለጥሩ ምግባር ስንጠቅሰው እንኖራለን። ተረቱ ሲወጣ ግን ጨው በእውነትም ድንጋይ ይመስል ነበር፤ የተናገረውም ገበያ ላይ ቆሞ አሞሌ በምላሱ የሞከረ ሰው ይመስለኛል።

ሦስተኛው ምግብ ነው፤ እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «አፄ ላሊበላ እንጀራቸውን በምን ይበሉ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳላቅማማ «እንደ እኛው፣ ቀይ ወጥ ነዋ!» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ረካሁ። ከዓመታት በኋላ ነው ስህተቴን ያወቅሁት። ቀዩ በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው። ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት ከዚያ አህጉር ውጭ ማንም አልቀመሰውም። አፄ ላሊበላ፣ አፄ ዓምደ ጽዮን፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ሁሉም በርበሬ ሳያዩ አልፈዋል። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ይህን ንግግር ካነበበ ይቅርታዬ ይድረሰው።

በርበሬ የሚለው ስም ግን ከተክሉ በዕድሜ ይበልጣል። ጥንት ስሙ የቁንዶ በርበሬ ነበር፤ ከህንድ በባሕር ለሚመጣው ጥቁር ፍሬ። አዲሱ ቀይ እንግዳ መጥቶ ስሙን ቀማው፤ የስሙ ባለቤት ተጨማሪ ቃል ተለጥፎበት «ቁንዶ» ተባለ። እንግዳ ባለቤቱን ከቤቱ ሲያስወጣ እንዲህ ነው። በቆሎም ከዚያው ከአሜሪካ ነው፤ ሽማግሌዎች «የባሕር ማሽላ» የሚሉት ለዚህ ነው። ድንችን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ ትግራይ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር እንዳስገባው ይነገራል። ይህን ተራራ ሁሉ የሞላው ባሕር ዛፍም ስሙ ይናገራል፤ ከአውስትራሊያ ባሕር ተሻግሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ስትል ያስቀራት እርሱ ነው።

ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ አራተኛውን አሳጥራለሁ። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። አንድ ዓመት ጎረቤቴ ጎማ ጭምር ስታቃጥል ጢሱ ቤቴን ሞላውና «ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው!» ብዬ ተቆጣኋት። እርሷም «እኔ ምን ላድርግ፣ እናቴ ስታደርግ ያየሁትን ነው» አለች። እናቷም ከእናቷ አይታ ነው። ሲቆጠር 1911 ዓ.ም. ላይ ይደርሳል። ያን ዓመት የኅዳር በሽታ ገባ፤ በአዲስ አበባ ብቻ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ያ በሽታ በዓለም ላይ የስፔን ጉንፋን የሚባለው ነው። ከስፔን የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሌሎቹ መንግሥታት ወሬውን ሲደብቁ ጦርነት ውስጥ ያልገባችው የስፔን ጋዜጦች በግልጽ ስለጻፉት ነው ስሙ የተለጠፈባት። እኛ በማንም አገር አላሳበብንም፤ በወሩ ጠራነው። ጎረቤቴን በማግሥቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ጎማውን ግን አሁንም አልደግፍም። (ሳቅ)

ለመሆኑ ብሬ የት ደረሰች? እህ... ጋሼ ዘንድ ናት፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በጥፍራቸው እየዳሰሷት ነው። አንተ ልጅ፣ ማይክራፎኑን አቀብልልኝ። ጋሼ፣ ስንት ቆጠሩ? እርስዎ ይቀበሏት ነበር?